ክፍሉ «ቦን» ያለ ቀን

በሚያዝያ ድሬዳዋ ላይ ከቀትር በኋላ ሰው የለም። ሁሉም በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ሲሚንቶው ላይ ውሃ ረጭቶ፣ በሽርጥ ተጋድሞ ፀሐይቱ እስክትበርድ ይጠብቃል። ክፍሉ ወልደ ማርያም ግን በዚያ ሰሞን ይጋደማል እንጂ እንቅልፍ አይወስደውም። እንዴትስ ይወስደዋል? የሚሠራበት የጨርቅ ማከፋፈያ ድርጅት ለሰሜን ጦር ግንባር አንድ ሰው አምጣ ተብሎ፣ የሥራ አስኪያጁ ዓይን ማሽን ቤት ላይ አርፏል። ማሽን ቤት ያሉት ደግሞ ሁለት ናቸው፤ እሱና አብዲራህማን። ከሁለቱ አንዱ ይሄዳል። በዚያ ዘመን ሰሜን የሄደ ልጅ እንዴት እንደሚመለስ የድሬዳዋ እናቶችን ጠይቁ።

ማሽን የምላችሁ ኮምፒውተር ነው። አዎ፣ በደርግ ጊዜ፣ እዚሁ ድሬዳዋ። ከዋናው መሥሪያ ቤት በባቡር ተጭና የመጣች፣ ማታ ማታ በነጭ አቡጀዲ የምትሸፈን፣ ለብቻዋ ቬንቲሌተር የተገዛላት። መጋዘን ያለው ሠራተኛ በላብ ሲጠመቅ እሷ ነፋስ ትበላ ነበርና «ሙሽሪት» ይሏታል። ክፍሉና አብዲራህማን አጠቃቀሟንም ጥገናዋንም አዲስ አበባ ሄደው አብረው ተምረዋል። ክፍሉ የከዚራ ሰፈር ልጅ ነው፤ አባቱ ምድር ባቡር ጋራዥ አርጅተው የሞቱ። አብዲራህማን የመጋላ ነው። ሁለቱን ሰፈሮች በሚለየው በደቻቱ ደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ አብረው ኳስ ሲጠልዙ ያደጉ፣ አንዱ በሌላው ቤት ሳይጠየቅ እጁን ታጥቦ የሚቀርብ ነበሩ።

ሥራቸው ላይ አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ከክፍሉ አባት የወረሱት። ምድር ባቡር ጋራዥ ውስጥ ብሎን ያጠበቀ ሰው የራሱን ብሎን አይፈትሽም። ሌላው መጥቶ በዓይኑ አይቶ፣ በጣቱ ነክቶ፣ በፈረንሳይኛ «ቦን»፣ ደህና ነው፣ ካላለ ባቡሩ ንቅንቅ አይልም። የሠራ ሰው ዓይን ይታለላል፣ ደክሞታልና የጨረሰ ይመስለዋል ይሉ ነበር ሽማግሌው። ሁለቱም ሙሽሪትን በከፈቱ ቁጥር እንዲሁ ያደርጋሉ። አንዱ ይፈታል፣ ይገጥማል። ሌላው ያያል፣ «ቦን» ይላል። ሶኬቱ ግድግዳ የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። «ቦን» ተብሎ የተበላሸ ነገር እስከዚያ ቀን ድረስ አልነበረም።

መቼም የማይሞት የለም፣ ሙሽሪትም ሞተች። ኤሌክትሪኩን ከግድግዳ ተቀብሎ ለሆድ ዕቃዋ የሚያከፋፍለው የብረት ሳጥን ተቃጠለ። ስንት ደጅ ተጠንቶ ምትኩ ከአዲስ አበባ ሲመጣ፣ ሥራ አስኪያጁ ጓድ ገብረ መድኅን ሁለቱን ቢሮ አስጠሩ። ሰውየው ከጭካኔም የጨዋታ ጭካኔ የሚወዱ ናቸው፤ ሰው ሲጨነቅ ካላዩ ቀኑ የዋለላቸው አይመስላቸውም። ሳጥኑን አብዲራህማን ይቀይር አሉ። ማሽኗ ከተነሣች፣ አብዲራህማን ለሥራው አስፈላጊ ነው ተብሎ ይቀራል፣ ክፍሉ ይዘምታል። ካልተነሣች አብዲራህማን ይዘምታል፣ ክፍሉ ይቀራል። ለክፍሉስ ለምን ዕድል አልተሰጠውም ብትሉ፣ እጁ የተባረከው አብዲራህማን መሆኑን ዘበኛው ሳይቀር ያውቀዋል። ይኼን ተናግረው ወንበራቸው ላይ ለጠጥ አሉና የሁለቱን ፊት እያፈራረቁ አዩ።

ከቢሮ ሲወጡ አብዲራህማን ነበር የተናገረው። ማሽኗ ትነሣ እንጂ፣ ሁለት ሰው ካልሆነ አትያዝም ብዬ እግራቸው ላይ ወድቄ እለምናለሁ፣ አንተ ሄደህ እኔ እዚህ ነፋስ ልበላ አልችልም አለው። ከልቡ ነበር። ክፍሉ እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ነቀነቀ እንጂ አላመነም። ገብረ መድኅን ተለምነው ያውቃሉ እንዴ? እናቱን ወይዘሮ የሺአረግን አሰበ፤ ባል የላቸው፣ ከሱ ሌላ ልጅ የላቸው። የአብዲራህማን ሚስት ፋዱማ ሆዷ ገፍቶ እንደነበርም ያውቃል። ያውቃል፣ ግን ያን ሐሳብ ቶሎ አለፈው። ከራስ በላይ ነፋስ የሚለው ተረት በዚያች ሌሊት እንደ ጸሎት ሲመላለስበት አደረ።

በማግሥቱ ሥራው ተጀመረ። ረመዳን ነው። አብዲራህማን በዚያ ሙቀት ምራቁን እንኳ ቆጥቦ ይሠራል። መጀመሪያ ማብሪያውን አጠፋ፣ ሶኬቱን ከግድግዳ ነቅሎ ሰው እንዳይሰካው ገመዱን ጠቅልሎ ከፊቱ አኖረ። ናይለን ሸሚዙን አወለቀ። ናይለን በደረቅ አየር ጣት ላይ ቁንጥጫ የምታህል እሳት ይተፋል፤ ለሰው ቁንጥጫ የሆነው ለማሽኗ ሞት ነው ተብለው ተምረዋል። ደግሞ ውስጧን ከመንካቱ በፊት፣ በገላው የቀረ እሳት ካለ እንዲወጣለት፣ በባዶ እጁ የብረት ገላዋን ዳሰሰ። ከዚያ በካቻቢቴ ብሎኖቹን ፈትቶ ሻይ ማቅረቢያ ሳህን ላይ አጠራቀመ፣ እያንዳንዱን ገመድ ከመንቀሉ በፊት ከመጋዘን ባመጣው ባለ ቀለም ክር አሠረ፤ ቀይ ክር ወደ ቀይ፣ ቢጫ ወደ ቢጫ እንዲመለስ። አሮጌውን ሳጥን እንደ ሕፃን አቅፎ አወጣው። አዲሱን አስገባ። ሲጨርስ ከንፈሩ ደርቆ ነጭ ሆኗል፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ።

በሩ ላይ ጓድ ገብረ መድኅን እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ቆመዋል።

ተራው የክፍሉ ነው። ጎንበስ ብሎ ማየት ጀመረ፤ ግን ምን ፍለጋ እንደነበር ሆዱ ያውቃል። ስሕተት ፍለጋ ነው። የማሽኗ አንጎል ወደሆነው ዋናው ቦርድ የሚገቡት ሁለት ገመዶች ከተዛነፉ ያቃጥላሉ፤ የአንዱ ጥቁር ሽቦ ከሌላው ጥቁር ጎን መሆን አለበት። ጥቁር ከጥቁር ጎን ነበር። ክሮቹን አየ፤ ቀይ ከቀይ፣ ቢጫ ከቢጫ። ብሎኖቹ ጠብቀዋል። ምን ዓይነት ሰው ነው ይሄ፣ እየጾመ እንኳ አይሳሳትም ብሎ ተናደደ። አያችሁ ክፋት ሲጀምር? የገዛ ወንድሙ ባለመሳሳቱ ተናደደ።

ከዚያ ወደ ኋላዋ ዞረ። ከሳጥኑ ጀርባ ጥፍር የምታህል ቀይ መግፊያ አለች። ሳጥኑ የሚቀበለው የኤሌክትሪክ ጉልበት በሷ ነው የሚመረጠው፤ ወደ አንዱ ስትገፋ 115፣ ወደ ሌላው ስትገፋ 230 ይላል። የኛ አገር ኤሌክትሪክ ጉልበተኛው፣ የ230ው ወገን ነው፤ መግፊያዋ 115 ላይ ሆና ከተሰካ ሳጥኑ ይቃጠላል። አዲሱ ሳጥን ላይ መግፊያዋ 115 ላይ ናት፤ ከፋብሪካ እንደወጣች። በካቻቢቴ ጫፍ ጠቅ ማድረግ ብቻ ነበር የቀረው። አብዲራህማን እሷን ረስቷል።

ክፍሉ አያት። ደጋግሞ አያት። ላቡ ከአገጩ ጠብ ሲል ይሰማዋል። ሳጥኗ ብቻ ናት የምትቃጠለው ብሎ ራሱን አጽናና፤ ሳጥን ሌላ ይመጣል፣ እኔም እኖራለሁ።

አብዲራህማን ከተቀመጠበት ሆኖ «በደንብ እየው አቦ፣ ጾሙ ዓይኔን ጋርዶታል» አለው።

ክፍሉ ቀና አለ። «ቦን» አለ።

ድምፁ እንኳ አልተንቀጠቀጠም፤ ይኼ ነው የሚያናድደኝ። አብዲራህማን ለአንዳፍታ እንኳ ሳይጠራጠር ቢስሚላህ ብሎ ሶኬቱን ሰካ፣ ማብሪያውን ጫነ። ጥይት የተተኮሰ መሰለ። ከጀርባዋ ነጭ ብልጭታ ወጣ፣ ጢሱ ተከተለ፣ ማሽን ቤቱ በተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ተሞላ። አብዲራህማን ዘሎ ሶኬቱን ነቀለ፣ በአቡጀዲው አፍኖ እሳቱን አጠፋ፣ መዳፉም ተላጠ። ጢሱ ሲገልጥለት ወደ ኋላዋ ዞሮ ቀይዋን መግፊያ አየ። ያኔ ሲሚንቶው ላይ ዘፍ ብሎ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

ክፍሉ ፊቱን ያዘነ ሰው አስመስሎ ቆመ። በልቡ ግን ተረፍኩ እያለ ነው። ኧረ ቆይ! ሳጥኗ ስትፈነዳ ለብቻዋ አልሄደችም፤ ዋናውን ቦርድ ይዛ ነው የሄደችው። ከፍተው ሲያዩት ከሰል ሆኗል። አዲስ አበባ ተደወለ። የዚያ ዓይነት ቦርድ አገር ውስጥ የለም፣ ሬሳዋን ጠቅልላችሁ በባቡር ላኩት ተባለ።

ጓድ ገብረ መድኅን ሁለቱን እንደገና አስጠሩ። አልጮኹም። አሻጥር ብዬ ላስጠይቃችሁ እችል ነበር፣ ግን አልጨክንባችሁም አሉ።

«ማሽን ከሌለ ማሽን ቤት የለም። ለየትኛው ሥራ ነው አንዳችሁን የማስቀረው?»

አንድ ሰው ለተጠየቀበት ሁለት አዘመቱ። ለዚህም ከበላይ ተመሰገኑ አሉ፤ እንግዲህ እግዜር ይይላቸው።

የጭነት መኪናው በጠዋት ወጣ። ወይዘሮ የሺአረግ ነጠላቸው መሬት እየጠረገ ከኋላ ሮጡ፤ ፋዱማ መሮጥ ስላልቻለች ሆዷን ይዛ አጥር ተደግፋ ቀረች። ክፍሉ ወደ ሁለቱም አላየም። ከተማው ከኋላ ሲቀር አብዲራህማን በጨርቅ የተጠመጠመ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ብዙ ሲያቅማማ ቆየና ተጠጋው። ሌሊቱን ሁሉ ሲያስበው እንዳደረ ያስታውቅበታል።

«አንተማ ጭንቀት ላይ ነበርክ፣ ምን ታያለህ። እኔ ነኝ የገጠምኩት፣ እኔ ነበርኩ ማየት የነበረብኝ» አለው። «በኔ ዕውርነት አንተንም አስወሰድኩህ። እማማ የሺአረግን በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? አፉ በለኝ፣ ወላሂ እንዲህ ሆኜ መሞት አልፈልግም።»

ድሬዳዋ ላይ አፉ በለኝ የተባለ ሰው ዝም አይልም፤ ይቅርታ የጠየቀህን ሳትመልስለት ጀንበር ከጠለቀች ነውር ነው። ክፍሉ አፉን ከፈተ። እውነቱን ቢናገር ከዚያ በላይ ማን ምን ያደርገዋል? መኪናው ላይ ናቸው። የቀረው ነገር ቢኖር ይህ ሰው ስለሱ የሚያስበው ብቻ ነበር። ለዚያችው ሳሳ።

«አፉ ብዬሃለሁ» አለው።

አብዲራህማን አላህ ይስጥህ አለና ከልቡ ተነፈሰ። ከዚያ ራሱን ክፍሉ ትከሻ ላይ ጣል አድርጎ፣ ከስንት ቀን በኋላ፣ እንቅልፍ ወሰደው።