የአንድ ቁና ገብስ መልስ

እማዋይሽ በመዳፏ ሙሉ ጥይት ይዛ ከቤት ብቅ ስትል፣ ባለግመሉ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ሰቀለ።

እሷም ደነገጠች። ጠመንጃ አልያዘች፣ ክፉ ቃል አልወጣት፤ መልስ ልትሰጠው ነው የመጣችው።

ሰውየው የሱዳን ሰው ነው። ቡሬን ለቆ የሚሸሸውን ጣልያን ለሚያሳድደው ጦር ስንቅ ጭኖ ሲጓዝ፣ ማንኩሳ ሳይደርስ ግመሉ እሷ ደጅ ላይ ተኛበት። ካልተነሳለት ጓዶቹ ጥለውት ሊያልፉ ነው። በማያውቀው አገር፣ ሰላምታ እንኳ በማይችልበት ቋንቋ፣ ብቻውን መቅረቱ ነው። ወደ ግመሉ አፍ እያመለከተ እህል ለመናት።

እማዋይሽ ግመል አይታ አታውቅም። ያ ሁሉ ቁመት በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ብታየው አፏን በነጠላዋ ያዘች። ጊዜው ሁዳዴ ነውና የሚሰግድ መሰላት። ለሚሰግድ ፍጥረት እንዴት ይከለከላል? ለዘር ካስቀረችው ገብስ አንድ ቁና ሰፍራ አወጣች።

ባለግመሉ ታዲያ አንድ ጠገራ ብር መዥረጥ አድርጎ ሰጣት። ጎተራዋን ብትገለብጥለት የጠገራውን ዋጋ አይሞላም! የመንገደኛ ገንዘብ አስቀርታ ደግሞ በምን ዓይኗ ቤተ ክርስቲያን ትሳለም? ሊሬ ነበራት፤ ግን ባለቤቱ እየሮጠ ያለ ወረቀት ለእንግዳ አይሰጥም ብላ ተወችው። ጅጋ ገበያ በዝርዝር ፈንታ የሚቀበሉት ጥይት ነው፤ እሱኑ ቆጥራ ይዛለት ወጣች።

ደግነቱ ጎረቤቷ ጋሽ እጅጉ ደረሱ። በጉብዝናቸው መተማ ነግደው ዐረብኛ ቀምሰዋል፤ ምን ያህል እንደቀመሱ ግን እስከዚያ ቀን የጠየቃቸው አልነበረም። በግማሽ ቃል፣ በግማሽ እጅ አስረዱት። ሰውየው እጁን አውርዶ ጥይቱን አገላብጦ አየና፣ በስንት አገር ሲያልፍ ለገብስ በጥይት መልስ የሰጠው እንደሌለ ነገራቸው። ገንዘቡን አስቀርቶ የሸኘው እንጂ የመለሰለትም የለ።

ይህን ሲሉ ግመሉ ገብሱን ጨርሶ ተንፈራገጠ። የኋላው ተነሳ፤ የፊቱም ተከተለ፤ ከነጫነቱ ከጎጆው ጣሪያ በላይ ሆኖ ቆመ። እማዋይሽ ሳታውቀው አማተበች።

ባለግመሉ የግመሉ አንገት ላይ ተጠምጥሞ ሳመው። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ብዙ ተናገረ።

«ምን ይላል?» አለች፣ ዓይኗን ከግመሉ ሳትነቅል።

«እግዜር ይክፈልሽ ነው የሚልሽ።»

«ይሁና፤ ዝርዝር የማያጣ እሱ ብቻ ነው።»