ተረከዜን ያዩልኝ አማቴ

ሰው ሁሉ ውሸታም ሆኖብኝ ነበር። ሆስፒታል ውስጥ በሆዴ ተኝቻለሁ፤ ቀኝ እግሬ ትራስ ላይ ከፍ ብሏል፤ የማየው ወለሉንና የጠያቂ ጫማ ብቻ ነው። ጫማው ወደ አልጋዬ ግርጌ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ትንሽ ዝም ይላል። ከዚያ «ደህና ነው፣ አይዞህ!» የሚል ድምፅ ይመጣል። እንዴ፣ ደህና ከሆነ ዝምታው ምን ነበር?

የአውቶብስ ሹፌር ነኝ። ጋራዥ ውስጥ ጎማ ስንቀይር ክሪኩ ሸርተት አለና ብረቱ ተረከዜ ላይ ወረደ። ቆዳውንና ሥጋውን ላጥ አድርጎ ወሰደው፤ አጥንቱ ታየ። ዶክተሯ አጠገቤ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ።

«ባዶ አጥንት ላይ ስስ ቆዳ ብንለጥፍ አይይዝም፤ የሚያበላው ደም የለም። ስለዚህ ከባትዎ ላይ ቆዳውን ከነስቡ፣ ከነደም ሥሩ እናነሳለን። ግን በጥሰን አናወጣውም። ከቁርጭምጭሚትዎ ከፍ ብሎ በደም ሥሩ እንደተያያዘ ወደ ታች አዙረን ተረከዝዎ ላይ እንሰፋዋለን። ደሙ በዚያው ይደርሰዋል። ባትዎ ላይ የሚቀረውን ክፍት ደግሞ ከጭንዎ በተላጠ ስስ ቆዳ እንሸፍነዋለን።»

«አልይዝም ቢልስ፣ ዶክተር?»

«ከጉልበት በታች መቁረጥ ሊመጣ ይችላል» አለች።

ቀኝ እግር ነው እንግዲህ! የፍሬንና የነዳጅ እግር፣ ሃያ ሁለት ዓመት እንጀራ ያበላኝ እግር። ቀዶ ጥገናው አምስት ሰዓት ፈጀ። ከዚያ ወዲያ ሥራዬ ፊቴን ትራስ ውስጥ ቀብሮ መጠበቅ ብቻ ሆነ። ዶክተሯ ጠዋት ጠዋት እየመጣች «እስካሁን ጥሩ ነው» ትላለች። «እስካሁን» የምትለውን ቃል ቀኑን ሙሉ ሳመነዥክ እውላለሁ።

ሚስቴ ደግሞ አንጀቷ ቅቤ ነው። «ፎቶ አንሺና አሳይኝ» አልኳት በሦስተኛው ቀን። አሳየችኝ። ቀላ ያለ፣ ያበጠ፣ ዙሪያውን በክር የተሰፋ ነገር። ደስ ሊለኝ ነበር።

«የዛሬ ነው?»

«የዛሬ ነው።»

«ታዲያ ከጎኑ ያለው ሳህን የቅዳሜ ምሳዬ አይደለም እንዴ?»

አስቤልህ ነው፣ እንዳትጨነቅ ብዬ ነው፣ ምናምን አለች። ከዚያ በኋላ ማንን ልመን?

በአራተኛው ቀን፣ በጉብኝት ሰዓት፣ በሩ ላይ ዝቅ ያለ ጥቁር ጫማ አየሁ። አማቴ ናቸው። ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል የተባለው ለእሳቸው ነው። ሽማግሌ ልኬ ልጃቸውን ሳስጠይቅ «የምሰጠው እሷ ስላለቀሰች እንጂ እሱን ወድጄ አይደለም» ያሉ ሴት ናቸው። በሠርጌ ላይ ስዘፍን «ይሄ ድምፅ ነው ወይስ የተበላሸ ክላክስ?» ብለው እድምተኛውን በሳቅ ገደሉት። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ደግ ቃል አልሰማሁም። ውሸትም ግን አልሰማሁም።

«እማማ፣ በሞቴ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ምን ይመስላል?»

«ለአንተ ብዬ ልዋሽ? ምን ልጠቀም!» አሉና ወደ ግርጌ ሄዱ። «ይሄን ሻርፕ እንደ ሸክም የጠፈረው ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ እማዬ» አለች ሚስቴ። «እንዳይበርደው ብለው ነርሶቹ ነግረውኝ ነበር፤ ነርሷ ጠዋት አይታው ከሄደች በኋላ ነው የጠቀለልኩት።»

ሻርፑ ሲፈታ ተሰማኝ፤ ከሥሩ ያለው ፋሻ ቆዳው የሚታይበት ክፍተት ተትቶለታል።

«ጠቁሯል» አሉ።

«እማዬ!»

«ምን እማዬ ትይኛለሽ? ጠቁሯል! ወይን ጠጅ ሆኗል! ሲስተር! ኧረ ሲስተር! የሰው ያለህ!»

ግድግዳው የተነቃነቀ መሰለኝ። ነርሷ እየሮጠች መጣች፤ አይታ ተመልሳ ሮጠች፤ ዶክተሯን ይዛ መጣች። ፋሻው ሲቀደድ፣ መቀስ ሲንጫጫ እሰማለሁ። ሁለት ስፌት ተፈታ፤ ጓንትና የቁስል መጥረጊያ ጎዝ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ጎዙ ላይ ያለው ደም ጥቁር ነው።

«ደሙ መግባቱን ይገባል» አለች ዶክተሯ። «ሻርፑ ደም ሥሩን ተጭኖት መውጫ ነው ያጣው።»

ይሄማ ገባኝ። የኋላው በር ያልተከፈተለት አውቶብስ ማለት ነው፤ ሰው በፊት በር ይሳፈራል፣ የሚወርድ የለም፣ በመጨረሻ ሁሉም ይታፈናል።

«ደግነቱ ቶሎ ታይቷል። ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ሥጋው ይሞት ነበር። አንድ ሰዓት እንጠብቅና እናያለን።»

ሚስቴ «እጄን በቆረጠው! እጄን በቆረጠው!» እያለች ታለቅሳለች። ልቆጣት ፈልጌ ነበር፤ አቃተኝ። እግሬን የጠቀለለችው በፍቅር ነው፤ ፍቅር እግር እንደሚያስቆርጥ ማን ነግሯት?

ያ አንድ ሰዓት አንድ ዓመት ነበር። አማቴ ወንበር ስበው ከግርጌዬ ንቅንቅ አላሉም። ነርሷ ጓንት አልብሳ እንዴት እንደሚታይ አሳየቻቸው፤ በጣት ጫን፣ ለቀቅ፣ ከዚያ እስኪቀላ መቁጠር። በመጨረሻ ነርሷ «ቀልቷል!» አለች። ሚስቴ «ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ቀልቷል!» አለች። እኔ ግን ፎቶውን አልረሳሁም።

«እማማስ? እማማ ምን ይላሉ?»

ወንበሩ ተንቋቋ። ጥቁሩ ጫማ ቀስ ብሎ ወደ ራስጌዬ መጣ። እጃቸው ፀጉሬ ላይ አረፈ፤ አሥራ አምስት ዓመት ነክተውኝ አያውቁም።

«አይዞህ፣ ልጄ» አሉኝ በለሆሳስ።

«ወይኔ! አለቀልኝ! ተቆረጥኩ!» ብዬ ጮህኩ። እሳቸው አይዞህ ካሉኝ ምን ተስፋ ቀረኝ?

«ኧረ ይሄ ሰው ጤናም የለው!» እጃቸውን መንጭቀው አነሱ። «አንተ ድንጋይ ራስ! ማን ቆረጠህ? ስጫነው ይነጣል፣ ስለቀው ሁለት ሳልቆጥር ይቀላል። ሞቋል፣ ሕይወት አለው! መልኩ ግን አስቀያሚ ነው፣ የተጣጣፈ ጆንያ! ጫማም የሚገባበት አይመስለኝም። አይዞህ ሲሉት የሚያለቅስ ሹፌር ደግሞ ዛሬ አየሁ!»

ዕፎይ! ትራሱን ነክሼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ሚስቴ ትስቃለች፣ ነርሷም ትስቃለች።

«እማማ» አልኩ፣ «እባክዎ ይድገሙልኝ።»

«የቱን?»

«አስቀያሚ ነው ያሉትን።»

«አስቀያሚ ነው!» አሉ፤ አፍንጫቸውን በመሐረብ ሲጠርጉ ሰማሁ። «እንዲህ ያለ አስቀያሚ ነገር ዕድሜዬን ሙሉ አይቼ አላውቅም!»

ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰላም እንቅልፍ ወሰደኝ።