የመካኑ ሰው ጦር

አያቴ ጋዌቶ መካን ነበር ይላል መጽሐፉ። እኔ ታዲያ ከየት ወደቅሁ?

ለሚሊኒየሙ በዓል ሽር ጉድ በሚባልበት ዓመት፣ ደምመላሽ የሚባል የባህል ቢሮ ሰው ከቦንጋ ከተማ እኛ መንደር ማንኪራ ድረስ መጣ። ጫማው ጭቃ በጭቃ ሆኗል።

«እትዬ ላቀች፣ የተረሱ ጀግኖቻችንን ታሪክ እያጠናሁ ነው። የአያትዎን የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ አድርጌ ልጽፈው ነው» አለኝ።

«ማን ረሳው? የረሳችሁት እናንተ ናችሁ» አልኩት።

ሳቀ። ጥርሱ ያምራል፤ የውሸታም ጥርስ መቼም ያምራል።

«ግባ» ስለው «እዚሁ ነፋሻ ነው» ብሎ ደጃፍ ያለው ግንድ ላይ ተቀመጠ። እኛ ማንጆ ነን፣ ሌላው ጎሳ አብሮን የማይበላ፤ አገር ያውቀናል። በልጅነቴ ሌላው የካፋ ሰው ቤት ስላክ፣ ዕቃቸውን እንዳላረክስ ምግቡን በኮባ ቅጠል አድርገው ውጭ ነበር የሚሰጡኝ። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር «ከእንግዲህ እኩል ናችሁ» ይሉናል። ንጉሥ ሄደ፣ ደርግ ሄደ፣ ኢሕአዴግ ገባ፤ እስካሁን እኩል የሆንነው በግብሩ ነው።

ቆጮና ማር አቀረብኩለት። «ጨጓራ አለብኝ» አለ። ታሪኩን ግን ጨጓራው ምንም ሳይለው ዋጠው።

ጋዌቶ የድሮው የካፋ ንጉሥ ኬላ ጠባቂ ነበር። በር መጠበቅ የማንጆ ሥራ ነው፤ በራቸው ላይ እንጂ ማዕዳቸው ላይ አይፈልጉንም። ከሰሜን ጦር ሲመጣ ሹማምንቱ ቀድመው ሸሹ። እሱ ግን ከወንድሞቹ ጋር በሩን በግንድ ዘግቶ፣ ሴቱና ሕፃኑ ጫካ እስኪገባ ያዘ። ወንድሞቹ እዚያው ቀሩ። እሱ አንድ ዓይኑን ጥሎ ተመለሰ፣ አባቴን ወለደ። ይህን ሁሉ ነገርኩት፤ ያን ቀን የተዋጋበትን ጦርም ከጓዳ አውጥቼ አሳየሁት።

«ይኼ ለሚሊኒየሙ ኤግዚቢሽን ያስፈልገናል፤ መስታወት ውስጥ ነው የምናስቀምጠው» አለ ዓይኑ እየበራ።

«መጀመሪያ መጽሐፉን አምጣ።»

ደጋግሞ መጣ። በመጣ ቁጥር ጨጓራው ይብስበታል። በአንዱ የገበያ ቀን ቦንጋ ሥጋ ቤት ቁጭ ብሎ ጥሬ ሥጋ በሚጥሚጣ ሲያወራርድ አየሁት። ያ ጨጓራ የእኔን ደጃፍ ካላየ አይነሳበትም ማለት ነው። አየሁህ አላልኩትም። ያ መጽሐፍ እንዲጻፍልኝ ፈልጌ ነዋ! የልጅ ልጆቼ ትምህርት ቤት አብሯቸው ወንበር የሚጋራ የለም። መጽሐፉን ገልጠው «አያታችን ይኸውና» እንዲሉበት ነበር የፈለግሁት።

መጽሐፉ ታተመ። ቦንጋ አዳራሽ ውስጥ ተመረቀ ተባለ፤ እኔን ማን ጠርቶኝ! ሺሺንዳ የሚያስተምረው ልጄ ኢሳይያስ ነው ገዝቶ ያመጣልኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ጆሮ ግን አለኝ።

«አንብብ» አልኩት።

በሩ አለ፣ ግንዱ አለ፣ ዓይኑም አለ። ከዚያ የልጄ ድምፅ ወረደ።

«ምን ዋጥክ?»

«እማዬ፣ ይቅርብሽ።»

«አንብብ አልኩህ!»

«‘ጋዌቶ ከታላቅ ጎሳ የተወለደ ሲሆን፣ ልጅ ሳይወልድ አረፈ’ ይላል።»

ገባኝ። እኔ የልጅ ልጁ ከሆንኩ እሱ ማንጆ ነው። ትልቅ ጎሳ ውስጥ ሊያስገባው ዘሩን መቁረጥ ነበረበት። ጠላት ያልቻለውን ሰው ደምመላሽ በብዕር ሰለበው።

«ቢያንስ ስሙ ተጻፈ» አለ ኢሳይያስ።

«የማን ስም? ይኼ ሰውዬ ጎረቤታችን እንኳ አይደለም!»

ብዙ አልቆየም፣ ደምመላሽ ሁለት የቢሮ ሰዎች አስከትሎ መጣ።

«እትዬ ላቀች፣ ጦሩን ልንወስድ ነው። እንግዶች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ።»

«የማን ጦር?»

«የጋዌቶ ነዋ።»

«እሱማ መካን ነው። መካን ለማን ያወርሳል? ሂድና ታላቁን ጎሳ ጠይቅ።»

ላቡን ጠረገ። «ይረዱኝ እንጂ። ማንጆ ብዬ ብጽፍ የቢሮው ኮሚቴ ያሳልፈዋል? ለአያትዎ ክብር ብዬ ነው።»

«እሱ የጎደለው ዓይኑ ነው እንጂ ክብሩ አይደለም።»

«በሚቀጥለው ኅትመት አስተካክለዋለሁ፣ በእግዜር!»

«እንግዲያው ግባ። ከቤቴ አንዲት ጉርሻ ብላና አምንሃለሁ፤ ጦሩንም በእጄ እሰጥሃለሁ።»

ቆጮውን አቀረብኩ። ቆጮውን አየ፣ ባልደረቦቹን አየ። እነሱ ደግሞ እሱን ያያሉ። እጁ ትንሽ ተነሳና ተመለሰ።

«ዛሬ… ጾም ላይ ነኝ» አለ።

በዓለ ሃምሳ ነበር። ቄሱ እንኳ የማይጾምበት!

ሳህኔን አንስቼ በሩን ዘጋሁበት። መቀርቀሪያው ከተሰበረ ቆይቷል፤ ጦሩን አጋደምኩበት። ውጭ ሆኖ «እትዬ! እትዬ!» ሲል ቆየና ሄደ።

ያለ ጦር የቀሩ እንዳይመስላችሁ። ከገበያ አንድ ገዝተው፣ ወልውለው፣ የጋዌቶ ነው ብለው መስታወት ውስጥ አቆሙት። ተማሪዎቹንም ወስደው አስጎበኟቸው። ህይወት የምትባለው የኢሳይያስ ልጅ ከዚያ ስትመለስ ፊቷ ጠቁሯል።

«አያቴ፣ ‘የእኛ አያት ነው’ ብላቸው አስተማሪዋ ‘ልጅ አልነበረውም፣ መጽሐፉ ላይ አለ፤ አትዋሺ’ አለችኝ። ሁሉም ሳቁብኝ።»



«መሽቷል፤ በሩን ቀርቅሪ» አልኳት።

ጦሩን አንስታ በሩን ቀረቀረችበት።