ከሔለን አልጋ ሥር ያለው ዘንዶ

ልጄ ሔለን «ከአልጋዬ ሥር ዘንዶ አለ» ማለት ከጀመረች ሳምንት ሆናት። ጀርመን አገር፣ ኖርድቬስትሽታት በሚባል ሰፈር፣ ስምንተኛ ፎቅ ላይ፣ ዘንዶ! የራሴ ጣጣ አንሶኝ ነው።

የአባቷን መርዶ እንኳ ገና አልሰማችም። ባለቤቴ ክንፈ ወደ እኛ ሲመጣ ባሕር ላይ ከቀረ ሁለት ወሩ ነው። መርዶ በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ ነውና የጉባኤያችን ሽማግሌ ጋሽ አሰግድ ሰዎች ይዘው ቅዳሜ ሊያረዷት ተስማምተናል። እስከዚያ እየሳቅሁ ፀጉሯን እሠራለሁ።

ዓርብ ከሰዓት ከሥራ ስገባ ከቤተ መጻሕፍት ያመጣችውን የተረት መጽሐፍ ይዛ ምንጣፉ ላይ ተጋድማለች።

«ስሙ ሊንድቩርም ነው» አለችኝ፣ ወደ አልጋው ሥር እያሳየች።

«ቩርም? ትል ነው እንዴ?» ደስ አለኝ። ትል መድኃኒት አለው።

«ናይን፣ አይደለም ማማ!» አለችና በጀርመንኛ ታስረዳኝ ጀመር። ድሮ ቩርም እባብም ማለት ነበር። ሊንድም እባብ ነው፤ ሰዉ የሊንድን ትርጉም ሲረሳው ቩርምን ጨመረበት። እባብ እባብ ማለት ነው።

አንዱ እባብ አልበቃ ብሏቸው!

ሳቄ ግን አልቆየም፤ ድምፁን እኔም ሰማሁት። ከአልጋው ሥር አንድ ከባድ፣ የራሰ ነገር ወለሉ ላይ ይጎተታል። የማሞቂያው ቧንቧ ነው እንዳልል ጊዜው ሐምሌ ነው፤ ማሞቂያው ከተዘጋ ቆይቷል። በሆዴ «በኢየሱስ ስም» አልኩ። ጎንበስ ብዬ ግን አላየሁም።

«ክንፍ አለው?» አልኳት፣ እንዲያው ዝም ላለማለት።

ሔለን መጽሐፉን ዘጋች። «ክንፈ የለም» አለች በአማርኛ።

ክው አልኩ። አማርኛዋ ነው፣ ተደናግሯት ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። «ክንፍ የለውም ነው የሚባለው፣ የኔ ቆንጆ።»

ከአልጋው ሥር ጸጥ አለ።

«ስለ ዘንዶው አይደለም፣ ማማ» አለችኝ። «ሻወር ውስጥ ስታለቅሺ እንደዚህ ነው የምትዪው። ክንፈ የለም፣ ክንፈ የለም። በየቀኑ እሰማሻለሁ።»

ከዚያ ተነሥታ አጠገቤ ቆመች። ሽማግሌዎች ለቀስተኛ እንደሚይዙት ሁለት ክንዴን ግጥም አድርጋ ያዘችኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጄ፣ ጋሽ አሰግድ ሳይመጡ፣ እኔን አረዳችኝ።