የአማት ትከሻ

መርፌ አንሶላዎቹን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ እየከተተች ሳለ ስልኳ ጮኸ። ለማሳጅ ፈተናዋ ጀርባዋን ልታውሳት ቃል የገባችው ጎረቤቷ ነበረች፤ ድምፅዋ ተዘግቷል።

"እህቴ፣ ትኩሳት ይዞኝ ሌሊቱን ሙሉ ስንቀጠቀጥ ነው ያደርኩት። ይቅር በይኝ።"

"እግዜር ይማርሽ። ተኚ በቃ፣ አታስቢ" አለቻትና ስልኩን ዘግታ ቦርሳው አጠገብ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ለፈተናው የቀረው አንድ ሰዓት ነው። የሚታሸውን ሰው ይዞ መምጣት የተፈታኙ ፈንታ ነው፤ ሰው ያላመጣ አይፈተንም። ባሏ እንደሆነ ከጧት ሥራ ገብቷል፣ አይደርስላትም። ሰኞ ልትቀጥራት የተስማማችው የክሊኒክ ባለቤት ደግሞ "የምስክር ወረቀትሽን ይዘሽ ነይ" ብላታለች።

ሠፈሩ መርፌ የሚላት ዐሥራ ስድስት ዓመት ልብስ ስትሰፋ ስለኖረች ነው፤ ቅጥነቷም ሳያግዝ አልቀረም። አምና ዓይኗ ክርና ቀዳዳ ማገናኘት አቃተው። ሐኪሙ "መነጽርም ብዙ አያዛልቅሽም፣ ዓይን የማያደክም ሥራ ፈልጊ" ሲላት አንድ ሳምንት አለቀሰች፤ በሁለተኛው ሳምንት ማሳጅ ለመማር ተመዘገበች። የመጀመሪያው ቀን ዓይኗን ጨፍና የሰው ጀርባ ስትዳስስ፣ ጣቶቿ እንደ ድሮው የሚያደርጉትን አወቁ። ያን ቀን እየዘፈነች ነው ቤት የገባችው።

ያልተዋጠላቸው አማቷ ነበሩ። አራት ወር ሙሉ "የሰው ገላ ማሸት ደግሞ ሥራ ሆኖ!" ሲሉ ከርመዋል። አሁን ከጓዳ ብቅ አሉና ፊቷን አዩት።

"ምን ሆንሽ?"

"ሰው ቀረብኝ፣ እማማ።"

"እና እኔ ሰው አይደለሁም?"

"እርስዎ?"

"ምነው፣ ጀርባ የለኝም? ተነሽ፣ ታክሲ ይጠፋል።"

ኮታቸውን ሲለብሱ ቀኝ እጅጌው ላይ ትንሽ ዘገዩ። መርፌ ልብ ልትል ይገባ ነበር፤ ግን በደስታ ቦርሳዋን ፍለጋ ትሯሯጥ ነበር፣ ቦርሳው ትከሻዋ ላይ ሆኖ።

ማሠልጠኛው ውስጥ የጠበቀቻቸው ፈታኝ አጭር፣ ፈገግታ የማታበዛ ሴት ናት። ሰዓቷን ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና "ጠይቂያቸው" አለች።

"እማማ፣ የሚያምዎት ቦታ አለ?"

"ምንም የለብኝ። ብረት ነኝ።"

አማቷ አንሶላውን ለብሰው፣ ፊታቸውን በአልጋው ራስጌ ባለው ቀዳዳ አስገብተው በሆዳቸው ተኙ። መርፌ ዘይቱን በመዳፏ አሞቀች። አንዱን እጇን ሳታሳርፍ ሌላውን አታነሳም፤ የተማረችው እንደዚያ ነው። ወገባቸውን ጨርሳ ወደ ላይ ስትወጣ ከቀዳዳው ሥር ድምፅ ተሰማ።

"አይ፣ ይሄማ ሥራ ነው!"

ፈታኟ ከንፈሯን ነክሳ ወረቀቷ ላይ አቀረቀረች።

"አሁን ጥልቅ ግፊት፣ ቀኝ ትከሻ" አለች ቆይታ። ብዙውን ነጥብ የሚይዘው ይህ ነው፤ ያለ እሱ ማለፍ የለም። መርፌ ክርኗን አሳርፋ ክብደቷን ቀስ በቀስ ለቀቀች።

"እንዴት ነው፣ እማማ? አበዛሁት?"

"ኧረ ደስ ይላል! ግፊ በሞቴ።"

ክርኗ ሥር ግን ትንፋሹ ቆሟል።

መርፌ ይህን ታውቀዋለች። ስንት ደንበኛ መስታወቷ ፊት ቆሞ፣ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ "ልኬ ነው" ብሏታል! አንድም ቀን አፋቸውን አምና አታውቅም፤ ትንፋሻቸውን እስኪለቁ ጠብቃ ነበር የምትለካቸው። አሁንም ጠበቀች። የአማቷ ትንፋሽ አልተለቀቀም። የእግራቸው ጣቶች አንሶላውን ጨምድደው ይዘዋል።

"ስድስት ደቂቃ ቀረሽ" አለች ፈታኟ።

ብትገፋ ይቻላል። አማቷ ጥርሳቸውን ነክሰው ይችሉታል፣ ሰኞ ሥራ ትገባለች፣ ማንም አያውቅም። አራት ወር ሲያንጓጥጧት የከረሙት ሴት ለእሷ ብለው እንዲህ መሆናቸው ግን አንጀቷን በላት። ክርኗን አነሳችና መዳፏን እንዲሁ አሳረፈችበት።

"ይህን ትከሻ አልጫነውም።"

"ነጥቡን ታጪዋለሽ።"

"አውቃለሁ።"

አማቷ ጭንቅላታቸውን ከቀዳዳው መዘዙ። የቀዳዳው ክብ ፊታቸው ላይ ታትሟል።

"ምን ነካሽ አንቺ ልጅ? ግፊ አልኩሽ እኮ!"

"ትከሻዎ ምን ሆኗል?"

"ምንም!"

"እማማ።"

"ባለፈው ሳምንት ደረጃው ላይ አዳልጦኝ…" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ትንሽ ነው። ፈተናሽ እንዳይበላሽ ብዬ ነው።"

ለሠፈሩ ሁሉ "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" እያሉ የሚመክሩት እኒሁ ሴትዮ ናቸው።

ፈታኟ ብዙ ጻፈች። "ሌላው ሙሉ ነው። ጥልቅ ግፊቱን ብቻ በሚቀጥለው ዓርብ ትደግሚያለሽ፤ ጤነኛ ሰው ይዘሽ ነይ" አለች።

መርፌ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ለክሊኒኩ ባለቤት ደወለችና አለማለፏን ሳትደብቅ ነገረቻት። ሴትዮዋም "ሳምንት ነው አይደል? እጠብቅሻለሁ፣ ግን ከዚያ አያልፍም" አለች። መርፌ እፎይ ብላ ተመለሰችና፣ የታመመውን እጅ አስቀድማ፣ ለአማቷ ኮታቸውን አለበሰቻቸው።

"እኔ ነኝ ያበላሸሁት" አሉ አማቷ። "ለዓርብ ማንን ልታመጪ ነው?"

"ልጅዎን። ፈቃድ ይጠይቅ።"

"ልጄን? እሱ እኮ ሳትነኪው ነው የሚጮኸው!"

"እንደሱ ያለ ነው የምፈልገው።"

አማቷ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ሳቁ ትከሻቸውን ናጠውና "ኡፍ!" አሉ ጮክ ብለው።

"ይኸው፣ አመመኝ ብሎ መጮህ ይቻላል እኮ" አለች መርፌ። ወደ ቤታቸው የሚሄደውን ታክሲ አሳለፈችና ወደ ሐኪም ቤት የሚሄደውን አስቆመች።