የላምዱዋን ጀሪካን

ላምዱዋን ኩላሊቷ ከደከመ ወዲህ፣ ሆዷ ላይ በተተከለች ቀጭን ቱቦ በቀን አራት ጊዜ በኩላሊቷ ፈንታ ደሟን የሚያጸዳ ፈሳሽ ታስገባለች፣ ታስወጣለች። የድሮው ፈሳሽ ሲገባ አንጀቷን እንደ ሚጥሚጣ ይለበልባት ነበር። የዛሬ ስድስት ወር ግን ሆስፒታሉ አሮጌውንና አዲሱን ፈሳሽ ሊያወዳድር በሽተኞቹን ዕጣ አስወጣና ለእሷ አዲሱ ደረሳት። ፖስተኛው የአዲሱን ፈሳሽ ካርቶን በረንዳዋ ላይ ሲከምር ደስታዋን አትጠይቁኝ! ይኸኛው አያቃጥልም። ሰሌኗን እየሠራች፣ እያንጎራጎረች ታስገባዋለች።

አንድ ነገር ብቻ እንቅልፍ ነሳት። ነርሷ ቺንታና «የአንድ ሙሉ ቀን ሽንትሽን አጠራቅመሽ አምጪ፤ የትኛው ፈሳሽ ሽንት እንዳይቀንስ እንደሚያደርግ የምናየው በሱ ነው» ብላ ባዶ ጀሪካን ሰጥታታለች። ላምዱዋን ደግሞ ካነሰ አዲሱን ይወስዱብኛል ብላ ደመደመች።

ባሏ ቡንሎም ጭንቀቷን ሲሰማ ሳቀ።

«ለዚህ ነው እንዴ? አንቺ ሴትዮ፣ ባል ያገባሽው ለምን ቀን ነው!» ብሎ ጀሪካኑን አንጠልጥሎ ወደ ጓሮ ዞረ። እሷም አልከለከለችው። መቼስ ፍርሃት ያላስዋሸው ማን አለ?

በማግስቱ ቺንታና ጀሪካኑን ተቀብላ ስታነሳው ሳቋ አመለጣት። «ሁለት ሊትር ተኩል! እማማ፣ ይኼ እኮ ከኔም ይበልጣል። ማን ነው ያገዘሽ?»

ላምዱዋን ክው አለች። ቡንሎም ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ጓሮ ላይ የነበረው ጀግንነት የት እንደገባ እንጃለት!

«እኔው ነኝ የፈቀድኩለት፣ ልጄ» አለች፣ እንባዋ እየመጣ። «ያንን የሚያቃጥለውን እንዳትመልሱብኝ ብዬ ነው።»

ቺንታና ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። «ኧረ እማማ! ቢያንስም ቢበዛም ጥናቱ እስኪያልቅ ፈሳሽሽ ይኸው ነው። በደንብ ሳላስረዳሽ ቀርቼ ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ግን የአባባ ቡንሎም ኩላሊት ካንቺው ጋር ከተደባለቀ፣ አዲሱ ፈሳሽ ተአምር ሠራ ብለን ስንቱን በሽተኛ ልንዋሸው ነው?»

ላምዱዋን ቡንሎምን በክርኗ ጎሸም አደረገችው፤ ሽንቱ ተደፋ፣ ጀሪካኑ ታጠበ፣ ማጠራቀሙ እንደ አዲስ ተጀመረ።

በሦስተኛው ቀን ሞተር ብስክሌቱ ላይ ጀሪካኑን እቅፍ አድርጋ ተቀመጠች።

«ልያዝልሽ?» አለ ቡንሎም።

«እንዳትነካው! ዞር በል!»

ቺንታና ለካች፣ መዝገቧን አየች፣ ደግማ ለካች። «አምስት መቶ ሃያ ሚሊ ሊትር። ስትጀምሪ አምስት መቶ ነበር።»

«አልቀነሰም?»

«ቅንጣት አልቀነሰም። ይኼ ሁሉ የራስሽ ኩላሊት ሥራ ነው።»

ላምዱዋን እጇን ወደ ኋላ ልካ ወገቧን፣ ሞቷል ብላ ተስፋ የቆረጠችበትን ኩላሊቷን፣ ቀስ ብላ ዳበሰችው።

«አንተ!» አለችው። «እስካሁን እየሠራህ ነው እንዴ?»