ለሥዕል የገባች ድመት

መቼም የዚያች የጎረቤት ልብስ ሰፊ አፍ ቁልፍ የለውም። የስፌት መኪናዋን እየረገጠች፣ ሰፈሩ ሁሉ ቁንጥንጧ የሚላትን የሰዓሊዋን ልጅ ጠጋ አደረገቻትና፣ "እናትሽ ሥዕሉ እንዳለቀ ድመቷን ላስወስዳት ነው ስትል በዚህ ጆሮዬ ሰማኋት። ከእኔ ሰማሁ እንዳትዪ ደግሞ" አለቻት።

ቁንጥንጧ ክው አለች። እናቷ የልጆች መጽሐፍ እየሳለች ነው፤ አንዲት ልጅና አንዲት ድመት እንዴት እንደተዋደዱ የሚል። ድመቷም ከደጅ የገባችው ለዚሁ ነው፤ እየታየች እንድትሳል። እንግዲህ እግረ መንገዷን ከልጅቷ ጋር ተዋደደች። ይሄ ግን በሥራው ውስጥ አልታሰበም።

ቁንጥንጧ አወጣች አወረደች። ሥዕሉ ካላለቀ ድመቷ አትሄድም ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ከምሳዋ ላይ ሥጋ ሥጋውን እየመረጠች ከጠረጴዛ ሥር ማቀበል ሆነ ሥራዋ። መጀመሪያው ገጽ ላይ ክር የምታክለው ድመት መሃል ላይ ስትደርስ ትራስ አከለች። እናት ሥዕሎቿን ደርድራ ብታይ፣ የአንዲት ድመት መሆናቸው ቀርቶ የእናትና የልጅ መሰሉባት።

"አርግዛ ይሆን እንዴ?" አለች ልብስ ሰፊዋን ጠርታ።

"ከቤት ሳትወጣ? ጥጋብ ነው እንጂ" አለች ጎረቤቷ፣ ልጅቷን በጎን እያየች።

እናት ሁሉንም ቀዳ ጥላ እንደገና ጀመረች። ቁንጥንጧም ማቀበሏን ቀጠለች፤ ድመቷም መወፈሯን። በመጨረሻ እናት መላ አገኘች፤ ድመቷን ማየት ተወችና ዝም ብላ ከሐሳቧ ሳለቻት። ያኔ ቶሎ አለቀ።

መጽሐፉ ሲመረቅ ዘመድ አዝማድ ሳሎኑን ሞላው። እናት ድምጿን አለስልሳ አነበበች፦ "ልጅቷም ድመቷን እቅፍ አድርጋ፣ ከእንግዲህ ማንም አይለየንም አለቻት።" አክስት በመሐረቧ ዓይኗን ጠረገች። ይሄኔ በሩ ጥግ ካለው፣ በሲባጎ ጥፍር ተደርጎ ከታሰረው ካርቶን ውስጥ "ሚያው" የሚል ድምፅ መጣ።

"ምንድን ነው እሱ?" አለች አክስት።

"ኧረ ምንም አይደል፣ ድመቷ ናት። ወንድሜ ሲሄድ እህል መጋዘኑ ጋ ይጥልልኛል። ፀጉሯ ቀለሜ ውስጥ እየገባ አስቸገረችኝ እኮ። እዚያ ደግሞ አይጡ ሞልቷል፣ ይመቻታል።"

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እውነትም ይመቻታል ተባለ። ልጅ እንደሆነ ቶሎ ይረሳል ተባለ። ቁንጥንጧ አንዲት ቃል ብትተነፍስ እንባዋ ሊቀድማት ነው።

አጠገቧ የተቀመጠችው ጓደኛዋ፣ ሁለት የፊት ጥርሶቿ የወለቁት፣ መጽሐፉን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችና የመጨረሻውን ገጽ ገለጠች። አገላብጣ አየችው።

"እትዬ" አለች፣ "እዚህ ጋ ካርቶኑን መሳል ረስተዋል።"

አክስት መሐረቧን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከዚያ በኋላ የተሰማ ነገር ቢኖር፣ እናት በሩ ጥግ በርከክ ብላ ሲባጎውን ስትፈታ ነው።